እህቴ ግማሽ ሰው አልሆነችም፦ ስለ አካል ልገሳ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። ጸሐፊው የጎጃም ተወላጅ ናቸው። ብዕራቸው ለዛ አለው። ሌላ ጊዜ የሚጽፉትን ወድጄ ነው የማነበው። ይሄኛው ግን አልተዋጠልኝም።

ጽሑፉ ስለ አካል ልገሳና ንቅለ ተከላ ነው። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። አካል መለገስ ለእኛ ለጎጃሞች እንግዳ ነገር ነው፤ ሙሉ ሆኖ የተፈጠረ ሙሉ ሆኖ ይቀበር። ኩላሊቱን የሰጠ ሰው ዕድሜው ያጥራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሴት ከሆነች ወልዳ አትስምም። በየቤቱ «ስጥ አልሰጥም» የሚል ጠብ ይገባል። ነገሩ ሲለመድ ደግሞ የኩላሊት ገበያ ይደራል። ተቀባዩም ቢሆን ዕድሜ ልኩን የመድኃኒት እስረኛ ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ልፋቱም በሽታን ለመከላከል ይዋል። መጨረሻ ላይ ስለ ዓይን ልገሳ ጣል ያደረጓት አንቀጽም አለች።

ሁሉም ስሕተት ነው አልልም። አንዱ ላይ እንዲያውም ከሳቸው በላይ የምናገረው አለኝ። ግን ይህን ጽሑፍ ለጨዋታ የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ «ልስጥ ወይስ ልተው» እያለ የሚገላበጥ ሰውም ያነበዋል። ለዚያ ሰው ስል ነው መልስ የምጽፈው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ማርቆስ የማስተምር ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ ለታላቅ ወንድማችን ኩላሊቷን ሰጥታለች። እና ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

«እንግዳ ነገር ነው» ከሚለው ልጀምር። አዎ፣ እንግዳ ነው። የትም አገር እንግዳ ነበር። መጀመሪያ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራው ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ አንዱ መንታ ለሌላው መንታ ወንድሙ ሰጠ። እኛ አገር ደግሞ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ሰዎች እዚያ ኩላሊት አግኝተዋል። እንግዳ መሆኑ ግን በራሱ ምን ያረጋግጣል? በርበሬም እንግዳ ነበረ።

ደግሞስ እንግዳ የሆነው ሕክምናው ነው እንጂ መስጠቱ ነው እንዴ? ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ መናኸሪያ አካባቢ ቆም ብለው አይተው ያውቁ ይሆን? መኪና ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ፣ የታማሚው ፎቶ በባነር ተለጥፎ፣ ወጣቶቹ በሁለት በኩል ጨርቅ ዘርግተው ሲዞሩ። ሊስትሮው ከሣጥኑ አሥር ብር አውጥቶ ይጥላል። ቆሎ ሻጯ ትጥላለች። የባጃጅ ሾፌሩ መንገድ ዘግቶ ይሰጥና ከኋላው ያለው ክላክስ ያቀልጠዋል። በጎጃም የጠፋው ሰጪ አይደለም። የጠፋውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ እምነቱ። «ሙሉ ሆኖ የተፈጠረ ሙሉ ሆኖ ይቀበር» የሚለው ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ነው። አልንቀውም። የሬሳ ክብር እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሰው ሲሞት ይገነዛል፣ ይፈታል፣ አርባው ሰማንያው ይወጣል። የዘመዱን አስከሬን ከሩቅ አገር ለማምጣት ከብቱን የሸጠ ሰው አውቃለሁ።

ግን እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር አደባልቀዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኩላሊት ሲለገስ የቆየው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ከሬሳ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከሞተ ሰው እኛ አገር ሲወሰድ የቆየው የዓይን ብሌን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ስለዚህ የመቃብሩ ክርክር ኩላሊት ላይ አይሠራም።

ይሁን፣ ለክርክሩ ያህል እንቀበለው። ጉዳዩን አንድ ቅኔ ቤት ውስጥ ላረጁ የኔታ አንሥቼላቸው ነበር። ሰው አካሉ ጎድሎ ቢቀበር በትንሣኤ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ።

«ጊዮርጊስን ምን አደረጉት?»

«ፈጭተው ደብረ ይድራስ ላይ በተኑት።»

«ታዲያ አልተነሣም?»

ዝም አልኩ።

«ተክለ ሃይማኖትስ እግራቸው ተቆርጦ የለም? ጎዶሎ ናቸው ልትል ነው?» አሉኝና መቁጠሪያቸውን አነሡ። ጨዋታው አበቃ ማለታቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያንን ወክዬ አልናገርም፤ ያ የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። ግን ጸሐፊው መጽሐፍ ጠቅሰው ስለተከራከሩ እኔም አንድ ልጥቀስ። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፣ ቢቻላችሁ ኖሮ ዓይናችሁን እንኳ አውጥታችሁ በሰጣችሁኝ ነበር ይላቸዋል። ምዕራፍ 4 ላይ ነው። እየነቀፋቸው አይደለም። ምን ያህል ይወዱት እንደ ነበር እየመሰከረላቸው ነው። ሞጣም ባሕር ዳርም ላሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው የእስልምና ፊቅህ (ሃይማኖታዊ ሕግ) አካዳሚ ንቅለ ተከላን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ጸሐፊው «ሃይማኖቶቻችን ሁሉ ይከለክላሉ» ሲሉ ይህን አላዩትም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። «ሰጪው ዕድሜው ያጥራል፣ ግማሽ ሰው ይሆናል።»

ይቺን «ግማሽ ሰው» የምትል ነገር ቤታችን ውስጥ ሰምቻታለሁ። እህቴ ያገባችው ደንበጫ አካባቢ ነው። ልስጥ ስትል የባሏ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ቡና ተፈልቷል፣ ቆሎ ቀርቧል፣ ማንም አይነካም። አማቷ ከሁሉም በፊት ተናገሩ። «ለወንድሟ ማዘኗ ደግ ነው። ግን የኔ ልጅ ግማሽ ሰው ይዞ ሊኖር ነው? ሦስት ልጅስ ማን ያሳድጋል?» አሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ባሏም አልተናገረም። እህቴ ሲኒ እያቀበለች ነበር። «እማማ፣ ሁለት ስላለኝ እኮ ነው የምሰጠው። አንድ ቢሆን አልሰጥም ነበር» አለቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ መጓጓዣውና ወደ አጨዳው ዞረ።

የአማቷ ፍርሃት ግን የሞኝ ፍርሃት አይደለም። መልስ ይገባዋል። እኔም ያኔ ፈርቼ ስለነበር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ሐኪሞቹንም አሰለቸኋቸው። ያገኘሁት ይህ ነው።

አንድ ኩላሊት ሲወጣ የቀረው ሥራውን ይጨምራል፣ መጠኑም ከፍ ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀድሞ ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይሸፍናል። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይህ በቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ለጋሾችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የሞቱት ከ10 ሺህ ሰው 3 ገደማ ናቸው። ዜሮ አይደለም። ዜሮ ነው የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

የራሱ የለጋሹ ኩላሊትስ ኋላ ላይ ቢታመም? በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፤ እሱም የአሜሪካ ነው። በዕድሜ ዘመናቸው ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ የሚደክምባቸው ለጋሾች ከ10 ሺህ 90 ያህል ናቸው ብሎ ገመተ። እንደ እነሱ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት ውስጥ ግን 14 ብቻ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቢያገኙት ኖሮ ደስ ይላቸው ነበር፤ እኔው ልስጣቸው። አደጋው ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ያው ጥናት፣ ሳይመረመር ከሚኖረው ሰፊው ሕዝብ ውስጥ ከ10 ሺህ 326 ሰው ይህ ይገጥመዋል ይላል። ለጋሾቹ ከሰፊው ሕዝብ ያነሱበት ምክንያት ቀላል ነው። ሲጀመር ስኳር፣ ግፊትና የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው እንዲሰጥ አይፈቀድለትም።

እና ያ ቦስተን ላይ ለመንታ ወንድሙ የሰጠው ሰውዬ? ከሰጠ በኋላ 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው የሞተው።

እነዚህ ቁጥሮች የአሜሪካ ናቸው፤ ክትትል ባለበት አገር የተገኙ። እኛ ጋ ለጋሽ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱው ነው። ሁሉም የሚጠይቀው ተቀባዩን ነው። እህቴን በየዓመቱ ግፊቷን ተለኪ፣ ሽንትና ደምሽን ተመርመሪ ብዬ የምጨቀጭቃት እኔ ነኝ። ጸሐፊው «የለጋሾች ክትትል ይጠናከር» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ጽሑፋቸውን እኔም አዞርላቸው ነበር።

«ጉልበቱ ይከዳዋል» ለሚለው ደግሞ መልሱ ማሳ ላይ ነው። እህቴ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተከልክላ ነበር። ጎኗ ላይ ጠባሳ አለ፤ ብርድ ሲሆን ይቆጠቁጠኛል ትላለች። ባለፈው ነሐሴ ልጠይቃት ስሄድ ጤፍ እያረመች አገኘኋት። ጤፍ አርማችሁ የምታውቁ ወገብ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አማቷም አጠገቧ ያርማሉ። ያ የሽማግሌው ቀን ነገር ዳግም ተነሥቶ አያውቅም። ይቅርታም አልተባባሉም። በጎጃም ደንብ ዝም ብሎ አልፏል።

«ወልዳ አትስምም» የሚለው ግን የለየለት ውሸት ነው። አዝናለሁ፣ ሌላ ስም የለውም። በአንድ ኩላሊት ያረገዙ፣ የወለዱ፣ ያጠቡ ሴቶች በየአገሩ ሞልተዋል። እውነታው ይሄ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ለጋሽ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ነክ ችግር የሚገጥማቸው 11 በመቶ ያህል፣ ካልሰጡት ጤነኞች ደግሞ 5 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ያለ ጊዜው በመወለድም ሆነ በሕፃኑ ክብደት በኩል ግን ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ገና የምትወልድ ልጅ ይህን አውቃ ትወስን፤ ከወሰነችም በእርግዝናዋ ጊዜ ቀረብ ያለ ክትትል ታድርግ። እህቴ ሦስቱን ወልዳ ስለጨረሰች የሷን ምሳሌ እዚህ ላይ አላነሣም። ግን ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ወጣት ሴት ላይ ስም እንደምታወጣ ጸሐፊው አስበውታል? ሰጥታ የተመለሰችን ልጅ «እሷማ አትወልድም» ብሎ ባል ማሳጣት በእኛ ሰፈር ቀላል ነው።

ስለ ቤተሰብ ጠብ የጻፉት ውስጥ እውነት አለ። አይቼዋለሁ። እኛ ቤት አምስት ነን። የወንድማችን ደም ኦ ነው፤ ከኦ ሌላ አይቀበልም። እኔ ቢ ሆኜ ገና በመጀመሪያው ምርመራ ወደቅኩ። አንዱ ወንድማችን ኦ ሆኖ ተገኘ። ግን አልሰጥም አለ። ፈራሁ አለ፤ በቃ። እናታችን ለወራት አላናገረችውም። የአጎቶቻችን ልጆች ለቅሶ ላይ እንኳ አጠገቡ አልተቀመጡም።

እኔ ግን ያኔም አሁንም መብቱ ነው ባይ ነኝ። ሕጉም ከሱ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 19 አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ ይችላል ይላል። በማንኛውም ጊዜ! ቀዶ ክፍል በር ላይ ሆኖም ቢሆን። በብዙ አገር ሐኪሞች ለጋሹን ለብቻው ያናግሩታል። ዘመድ እያስጨነቀው እንደሆነ ከተረዱ «በሕክምና ምክንያት አይሆንም» ብለው ለቤተሰቡ ይነግሩለታል፤ ከሐሜት ያተርፉታል። ይህ እኛም ጋ በየሆስፒታሉ ሊለመድ ይገባል። ያ ወንድሜ፣ አልሰጥም ያለው፣ ቀዶ ሕክምናው ጊዜ አዲስ አበባ ወርዶ ለሁለቱም አስታማሚ ሆነ። ሌሊት ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛው እሱ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አያወራለትም።

ገበያውን በተመለከተ አጭር ልሁን። የኩላሊት ንግድ በዓለም ላይ አለ፤ ድሆችም ይታለሉበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢስታንቡል መግለጫ የወጣውም ለዚሁ ነው። ጸሐፊው ግን «ሰው ተኝቶ ሲነቃ ኩላሊቱ ተወስዶ ያገኘዋል» የሚለውን የከተማ ወሬ እንደ ማስረጃ ማምጣታቸው ትዝብት ላይ ይጥላል። ኩላሊት እንደ ሞባይል ከኪስ አይሰረቅም። የደም ዓይነት ይታያል፣ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ይደረጋል፣ የሁለቱ ደም ይቀላቀልና ይጣላ እንደሆነ ይታያል። ሁለት የቀዶ ሕክምና ቡድን ጎን ለጎን ይሠራል። ከወጣም በኋላ በበረዶ ተይዞ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ጓሮ ውስጥ አይሆንም።

ደግሞ ልገሳ ስለተለመደ ገበያ ይደራል የሚለውን ስፔን ታፈርሰዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሞቱ ሰዎች በሚገኝ የአካል ልገሳ፣ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ሽያጭ የለም። በየሆስፒታሉ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ ሐኪም አለ፤ ቤተሰብን የሚያነጋግር፣ የሚያስተባብር። ደላላ የሚገባው ሕጋዊው በር ሲጠብ ነው።

«የመድኃኒት እስረኛ» ወደሚለው ስመጣ፣ መጀመሪያ እስር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

አያ፣ ታላቅ ወንድማችንን እንዲያ ነው የምንጠራው፣ የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) የጀመረ ጊዜ እርሻውን ለሚስቱ ትቶ ባሕር ዳር ቤት ተከራየ። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ አራት አራት ሰዓት ታጠብ አሉት። ገንዘባችን የቻለው ሁለቱን ነው። ሽንቱ ስለቆመ የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። እና ውኃ በሲኒ ተለክቶ ነበር የሚሰጠው። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጣና አጠገቡ ተንጣሎ እሱ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ያርሳል። ሙዝ ክልክል፣ ጠላ ክልክል። ማኅበር ቀን ጽዋው ሲዞር ተነሥቶ ይወጣል። ክንዱ ላይ ለእጥበቱ የተሠራለት ፊስቱላ የሚሉት የደም ሥር መጋጠሚያ እጅ ሲያስጠጉበት ይነዝራል። ትንሿ ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጠው ነበር። መንገድ የተዘጋ ቀን መድኃኒቱም ገንዘቡም አይደርስም። እጥበት ከቀረ ውኃው ወደ ሳንባ ይወጣል፤ ተቀምጦ ያድራል።

ንቅለ ተከላው በተሠራ ማግሥት ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል። «ሸናሁ!» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። «ስንት?» ስለው «ኧረ ከረጢቱ ሞላ፣ ቀየሩልኝ» አለና ሳቀ። መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ በዕንባ ስስቅ ባልደረቦቼ ምን ነካው አሉ። ለአንድ ሰው ሽንት ይህን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

አሁን አያ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ስልኩ ይጮኻል፤ ኪኒኑን ይውጣል። ሰውነቱ የእህቱን ኩላሊት እንግዳ ብሎ እንዳይዋጋው ነው። ዕድሜ ልክ ነው፣ ልክ ናቸው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሳል ያለበት ሰው አጠገብ አይቀመጥም፣ ሳንባ ነቀርሳን ይፈራል። ኩላሊቱም ለዘለዓለም አይደለም፤ በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል ነው የሚባለው። ግን አያ እርሻው ላይ ነው። ውኃ በእንስራ ይጠጣል። እስር ከሆነ፣ የዚህን ዓይነት እስር የሚለምኑ ሰዎች እጥበት ማዕከል ውስጥ ተኝተዋል።

ከጸሐፊው በላይ እናገራለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ! ጸሐፊው «ውድ ነው» ብለው አልፈውታል። ውድ ብቻ አይደለም፤ ይጠፋል። ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ የቤታችን ሂሳብ ተገለባበጠ። ታክሮሊመስ የሚባለው ዋነኛው መድኃኒት ያለቀ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ፋርማሲ ለፋርማሲ ደውያለሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ላከልን። ጥቂት ቀን ማቋረጥ የእህቴን ስጦታ ሊያበላሸው ይችላል። ቀደም ሲል የጠፋው ሰጪ አይደለም ያልኩትም ለዚህ ነው። ሰጪ አለ። የተሰጠውን የሚያቆይ መድኃኒት በቅርብ፣ በሚቻል ዋጋ የለም። የጤና መድኅን ደብተራችንም እዚህ ላይ አልረዳንም። ጸሐፊው ይህን አይተው «ስለዚህ ይቅር» አሉ። እኔ ደግሞ ስለዚህ መድኃኒቱ ይምጣ ነው የምለው።

«ገንዘቡ ለመከላከል ይዋል» ላሉት ደግሞ ማን ይጣላቸዋል? የአያን ኩላሊት የበላው የደም ግፊት ነው። አርባ ዓመት እስኪያልፈው ክንዱ ላይ ግፊት መለኪያ ታስሮ አያውቅም። ፊቱ ሲያብጥ ቡዳ ነው ተባለ፣ ከዚያ ጠበል ገባ፣ ከዚያ ነው ሆስፒታል የደረሰው። በየገበያው ቀን ግፊትና ስኳር የሚለካ ሰው ቢቀመጥ የስንቱ ኩላሊት ይተርፍ ነበር። ግን ኩላሊቱ ዛሬ የሞተበትን ሰው በመከላከል አታድነውም። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ወጪውንም ካነሣን፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ንቅለ ተከላ ከእጥበት ይረክሳል፤ ይህ በብዙ አገር ተሠልቶ የታየ ነው።

ቀረችን የዓይኗ አንቀጽ። ጸሐፊው ሦስት ነገር ይላሉ። የሟች ፊት ይበላሻል፤ የጎጃም ዓይነ ስውር ሁሉ የትራኮማ ስለሆነ ንቅለ ተከላ አይረዳውም፤ ሽማግሌና መነጽር ያደረገ ሰው መለገስ አይችልም።

ፊት አይበላሽም። ለተቀባዩ የሚተከለው ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ሟቹ ሲገነዝ ቤተሰቡ ልዩነቱን አያየውም።

ትራኮማው ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በትራኮማ የጠባሰና የደረቀ ዓይን ላይ ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ለዚያ የሚሻለው ቀድሞ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ነው። ግን «ሁሉ» ከየት መጣ? የገብስ ጭራ ወግቶት ዓይኑ የነጣ አለ። በእሾህ፣ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተጎዳ አለ። ብሌኑ እየሾለ የሚሄድባቸው ተማሪዎች አሉ፤ እኔም አስተምሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ሥር ቆመው እንኳ አይታያቸውም። እነዚህ ናቸው ተራ የሚጠብቁት። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሥራ ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሺህ በላይ ሰዎችም ብርሃናቸው ተመልሷል።

ዕድሜና መነጽር አይከለክሉም። የሞራ ግርዶሽ የተገፈፈለትም፣ ስኳር ያለበትም ሰው ሊለግስ ይችላል። የሚከለክሉት እንደ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስና የእብድ ውሻ በሽታ ያሉት ናቸው።

ጸሐፊው ያላነሡት ትክክለኛው ችግር ሌላ ነው። ብሌን ሰው ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት፣ ባብዛኛው በ6 ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ሰው ሌሊት ቢሞት ጠዋት ጡሩምባ ይነፋል፣ ከሰዓት በኋላ አፈር ይለብሳል። ቃል የገባው ሰው ካርዱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ይቀበራል ማለት ነው። ብሌን ማንሣት ግን የዓይን ስፔሻሊስት ብቻ የሚሠራው አይደለም፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም ቴክኒሻን ይበቃዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ፣ ሞጣ ላይ አንድ የሠለጠነ ሰው ቢኖር፣ እድሮቻችንም ጡሩምባ ነፊውን ከመላካቸው በፊት አንድ ስልክ ቢደውሉ ነገሩ ይቻላል። እኔ የራሴን እድር በሚቀጥለው ስብሰባ ልጠይቅ አስቤያለሁ። ጸሐፊውም የራሳቸውን እድር ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፤ እምቢ ካሉም የእምቢታውን ምክንያት ይጻፉልን፣ እናነበዋለን።